መርከብ ሠሪው ቤይ የእንግሊዝኛ ስልክ ማንሣት እንዴት እንደ ጀመረ

ሰው መንገድ ላይ በአጋጣሚ የሚሰማው ቃል አንዳንድ ጊዜ ደጅ ጠንቶ ከሚያገኘው ምክር ይበልጥ ይጠቅመዋል። በቻይና የዡሻን ደሴቶች የእንጨት መርከብ በመሥራት ስሙ የተጠራው ቤይ ዶንግጌን ይህን ያወቀው ስድሳውን ካለፈ በኋላ ነው።

በመከር ወራት አንድ ጧት ቤይ በመሻገሪያው ጀልባ የሚመጣለትን ኖራና ዘይት ለመቀበል ወደ ወደቡ ወረደ። ጀልባው ዘግይቷል። ከነፋሱ ለመጠለል ወደ ትኬት መሸጫው ጥግ ጠጋ ሲል፣ አንዲት ወጣት ሴት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ የታጠፈ ጃንጥላዋን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ብቻዋን ስታወራ አገኘ። ልብ ብሎ ቢያያት የጎረቤቱ የአቶ ቱ ልጅ ሱዬ ናት። ሱዬ ኒንግቦ ከተማ ተምራ ከተመለሰች ዓመት አልሞላትም፤ ለመርከቦች ውሃና ስንቅ በሚያቀርብ ቢሮ ውስጥ ስልክ ትቀበላለች።

"ሱዬ፣ ጃንጥላው ምን ብሎ መለሰልሽ?" አላት።

ልጅቷ ደንግጣ ዞረች፤ ማን እንደ ሆነ ስታይ ግን ሣቋ መጣ። "አጎቴ ቤይ፣ ደኅና አደሩ? ቁርስ በሉ?"

"እኔስ በልቻለሁ። አንቺ ግን የበላሽ አትመስይም። ሰው ብቻውን የሚያወራው ሆዱ ባዶ ሲሆን ነው።"

"ልምምድ ላይ ነኝ። ቢሯችን የሚደውሉት የውጭ መርከበኞች በእንግሊዝኛ ነው የሚያወሩት። ቤት ሆኜ ስለማመድ ወንድሞቼ ያላግጡብኛል፤ ግድግዳው ግን አይሥቅም ብዬ ነው።"

"እስቲ ምን ስትይው ነበር ግድግዳውን?"

"እኛ ስልክ ስናነሣ 'ዌይ' ብለን እንጮኻለን፤ ቀጥሎ 'አንተ ማነህ' እንላለን። ማንዳሪን የለመደ ሰው ይህን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ሲገለብጠው ደጅ የቆመን እንግዳ በደረቱ እንደ መግፋት ይሆናል። ደንበኛው አነጋገር 'ሁ ኢዝ ኮሊንግ፣ ፕሊዝ' ነው፤ 'ማን ልበል' እንደ ማለት። ስለ ራሴም 'እኔ ሱዬ ነኝ' አልልም፤ 'ዲስ ኢዝ ሱዬ ስፒኪንግ' ነው የምለው። የምታናግርዎት ሱዬ ናት ማለት ነው።"

ቤይ አገጩን አከከ። "እኔ በቤቴ ተቀምጬ የሰው አገር ሰው ይደውልልኝና፣ 'ማን ልበል' እያልኩ ልለማመጠው? የፈለገኝ ቋንቋዬን ተምሮ ይምጣ። የሠራኋት መርከብ ሁሉ በየባሕሩ ስትሄድ አስተርጓሚ ጠይቃ አታውቅም።"

"ስለ መርከብ ካነሡ አይቀር አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አለች ሱዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ትናንት አንድ ሆላንዳዊ ደውሎልን ነበር። ቫን ዴልደን ይባላል። ልጆችን ባሕር በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ነው የሚሠራው፤ በዚህ ደሴት ላይ የሸራ መርከብ እያሠራን ነው አለኝ። ወደ መሥሪያው ስደውል ስልኩ ይነሣና ወዲያው ይዘጋል ብሎ እኛን ጠየቀን። የሠሪውን ስም ስጠይቀው 'ሚስተር ቶንግ' አለኝ። እኔ ደግሞ እዚህ ቶንግ የሚባል መርከብ ሠሪ አላውቅም።"

ቤይ ግን ቶንግን ያውቀዋል። ቶንግ ኒንግቦ ውስጥ የሚኖር ደላላ ነው፤ ውል ያዋውላል፣ የጉምሩክ ጉዳይ ይጨርሳል፣ ከውጭ ሰው ጋር ያወራል። መጥረቢያ ጨብጦ አያውቅም።

"ሌላስ ምን አለ?" አላት ቤይ።

"ሚስተር ቶንግ ባለው ተስማምተናል በይልኝ አለ። ሥራው እንዲፈጥን በመርከቧ አፍንጫ ግራና ቀኝ የሚደረጉት ክብ ጌጦች ይቅሩ ብሎታል መሰለኝ።"

"ክብ ጌጦች" አለ ቤይ። ወደ ባሕሩ ዞሮ ቆመ፤ ጀልባው መጥቶ ኖራው ሲወርድም የመጣበትን ጉዳይ የረሳ ይመስል ነበር።

የዡሻን መርከብ ዓይን አላት። ሠሪው ከሁሉ በኋላ፣ በተመረጠ ቀን፣ በአምስት ዓይነት ቀለም ክር ባጌጠ ምስማር ሁለቱን ዓይኖች ይመታላታል፤ በቀይ ጨርቅ ይሸፍናቸዋል፤ ጨርቁ የሚገለጠው ውሃ ልትነካ ስትል ነው። የቤይ አባትም አያቱም ዓይን ሳይመቱ የለቀቋት አንዲት ጀልባ የለችም። ዛሬ ዓሣ አጥማጁ ሁሉ በብረት መርከብ ይሄዳል፤ በቤይ መሥሪያ ውስጥ የቀረችው ትእዛዝ ይህች የሆላንዶች መርከብ ብቻ ናት። እሷም ትታወርና በቶንግ ስም ትጠራ ማለት ለሽማግሌው ምን እንደ ሆነ፣ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ቤት ሲገባ ሚስቱ አጂን የደረቀ ዓሣ ከሩዝ ጋር አቀረበችለት። አልነካውም። የሆነውን ሲነግራት ብዙም አልገረማትም።

"እና ምን ጠበቅክ?" አለችው። "ያ ስልክ በጮኸ ቁጥር ድንጋይ እንደ ተወረወረበት ውሻ ወደ ባሕር ዳር ትሮጣለህ። አንድ ቀን አንሥተህ የፈረንጅ ድምፅ ብትሰማ፣ እጀታውን እንደ ጋለ ድስት ነው የጣልከው። አንተ ሽማግሌ፣ አፍ ያለው ከብት ያለውን ይነዳዋል ሲባል አልሰማህም? ቶንግ አፍ አለው፤ አንተ መርከብ አለህ፤ እየነዳህ ነው።"

"ነገ ኒንግቦ ሄጄ አፉን ባልሰብረው!"

"ስበረው። ከዚያ ማን ሊያወራልህ ነው?"

አጂን እሱን ትታ ወደ ጎረቤት ሄደች፤ ሱዬ ከሥራ ስትመለስ እንድትመጣላቸው ለእናቷ ነገረች። ልጅቷም ጀንበር ሳትጠልቅ መጣች፤ ሻይ ቀረበላት፤ ቤይ ከፊት ለፊቷ ክንዱን አጣጥፎ ተቀመጠ። የተከተለው ክርክር በዚያ ሰፈር እስከ ዛሬ ይወራል።

"ልጄ" አለ ቤይ፣ "ነገሩን ቀኑን ሙሉ ሳሰላስለው ዋልኩ። አንቺ ቋንቋውን ታውቂያለሽ። ሰውየው ሲደውል በኔ ፋንታ አንቺ ንገሪው። እኔ አጠገብሽ ሆኜ የምትይውን እነግርሻለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ፊደል ቆጣሪ አታድርጊኝ።"

"በደስታ እነግረዋለሁ አጎቴ" አለች ሱዬ። "ግን ይፍቀዱልኝና ልጠይቅዎት። ቶንግ የመርከቧ ሠሪ የተባለው በምን ምክንያት ነው?"

"ውሸታም ስለሆነ ነዋ።"

"እኔ እንደሚመስለኝ አልዋሸም ይሆናል። ስልኩን ያነሣው እሱ ስለሆነ ነው። ሩቅ አገር ያለ ሰው እጅዎን አያይም፤ የሚያውቀው ድምፁን የሰማውን ነው። እኔ ሳናግረው ደግሞ መርከብ ሠሪዋ ቱ ሱዬ የምትባል ሴት ናት ይላል። እኔም 'ዓይን ለምን ያስፈልጋል' ቢለኝ የማውቀው ጥቂት ነው። በዚያ ላይ እሱ የሚደውለው በእነርሱ ጧት ነው፤ እዚህ ከሰዓት በኋላ ይሆናል፤ እኔ ቢሮ ነኝ።"

"ይሁን፤ ግን ለምን እኔ ወደ እሱ ልሂድ? ለምን እሱ ወደኔ አይመጣም? አባቴ በደሴታችን ቋንቋ ተናግሮ ኖሮ፣ በደሴታችን ቋንቋ ሞተ፤ የቀረበት ነገር የለም።"

"እርስዎ ግን ከሻንዶንግ እንጨት ነጋዴዎች ጋር የሚነጋገሩት በምንድን ነው?"

"በማንዳሪን።"

"ማን አስተማረዎት?"

አጂን ከምድጃው አጠገብ ሆና ጣልቃ ገባች። "ሬዲዮው ነዋ። አርባ ዓመት ሊሞላው ሲል ሬዲዮው ላይ ተጥዶ 'ሺ' እና 'ሲ' ሲል ያመሽ ነበር። ድመቷ እንኳ ትሣለቅበት ነበር።"

"እናም ማንዳሪን ስለተማሩ" አለች ሱዬ፣ "ሻንዶንጌ ሆኑ? የደሴታችንን ቋንቋ ረሱ?"

"ምን ሲደረግ! እነሱም እኮ ማንዳሪኑን እንደኔው ተምረውት ነው፤ በየቤታቸው የሚያወሩት ሌላ ነው። መሀል ላይ የምንገናኝበት ነው እንጂ የማንም አይደለም" አለ ቤይ፤ ብሎም በገዛ ቃሉ እንደ ተያዘ ገባው።

ሱዬ አስተዋይ ልጅ ነበረችና አሸነፍኩ ብላ አልተጣደፈችም። ሻይዋን ጠጣች፤ ከዚያ በዝግታ ቀጠለች። "ቫን ዴልደንም እንግሊዝ አይደለም። እናቱ በሆላንድኛ ነው ያሳደገችው። እንግሊዝኛውን እንደርስዎ ማንዳሪን ለፍቶ ነው የተማረው፤ ሳናግረው ሲሳሳትም ሰምቼዋለሁ። እርስዎ በሚገናኙበት ቋንቋ ላይ እሱም እንግዳ ነው።"

እዚህ ላይ የሽማግሌው ክንድ ተፈታ፤ ልቡ ግን ገና አልተፈታም። የሚያስፈራው ነገር ሌላ ነበረ፤ ኩሩ ሰው ደግሞ ፍርሃቱን የሚናገረው ተቆጥቶ ነው።

"በየዓረፍተ ነገሩ ጫፍ ፕሊዝ፣ ፕሊዝ! ለማኝ ነኝ እንዴ? እኔ ደንበኛዬን ለምኜ አላውቅም። ደግሞም እሳሳትና ይሥቅብኛል። ስድሳ ዓመት ያከበረኝን ስም በአንድ ቃል ላስነውረው?"

"አጎቴ፣ እንግዳ መሥሪያዎ ድረስ ሲመጣ ምን ያደርጋሉ?"

"ወንበር እሰጠዋለሁ። ሻይ አስቀዳለታለሁ። ሲጋራ አቀርብለታለሁ።"

"ለማኝ ስለሆኑ ነው?"

"ባለቤት ስለሆንኩ ነዋ! ወንበር የሚሰጠው ባለቤቱ አይደለም?"

"በስልክ ግን ሻይ አይቀዳም፤ ሲጋራም አይሰጥም፤ ፈገግታዎም አይታይም። 'ፕሊዝ' የምትለዋ ቃል ያንን ሁሉ ተክታ ነው የምትገባው። ለማኝ 'ፕሊዝ' የሚለው ቢሰጡኝ ብሎ ነው፤ ባለቤት ግን እንግዳውን 'አረፍ በል' ሲል ነው። ስሕተቱን በተመለከተ ደግሞ፣ ያልገባዎትን እንደገባዎት አድርገው 'የስ፣ የስ' ካሉ ነው የሚያስቀው፤ ቶንግም ዓይኑን ጌጥ ያለው ሳያውቅ አውቃለሁ ብሎ ይመስለኛል። አልገባኝም፣ ቀስ ብለህ ንገረኝ ማለት ግን በየትም አገር የጠንቃቃ ሰው ንግግር ነው። እርስዎ እንጨት ሲገዙ አንዴ አይተው ያልፋሉ?"

"ሦስቴ አገላብጬ አንኳኩቼ ነው የምገዛው።"

"ቃልንም እንዲሁ ያንኳኩት።"

ቤይ አጂን ትቀልድበታለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ እሷ ግን አጠገቡ መጥታ ቀዝቅዞ የነበረውን ሻይ ደፍታ ትኩስ ቀዳችለት። በመጨረሻ እጁን ጉልበቱ ላይ አሳረፈና "እሺ፣ የመጀመሪያውን ቃል ንገሪኝ" አለ።

ከዚያ ማታ ጀምሮ ልጅቷ ሰባት ስምንት አነጋገሮችን አስጠናችው። የቸገረው የመጀመሪያው ነበር። 'ዲስ' ለማለት ምላስን በጥርስ መሀል ማስገባት ያስፈልጋል፤ ማንዳሪንም ሆነ የደሴቱ ቋንቋ ይህን ምላስ አያውቀውም። "በስተርጅና ምላሴን ላውጣ?" ብሎ ተማረረ። አጂንም ከመስተዋቱ ፊት አቆመችው፤ ራሷም አብራው ቆመች፤ ምላሳቸውን አውጥተው ተያዩና እስኪያማቸው ሣቁ። ቀን ቀን መርከቧ ውስጥ ገብቶ ስንጥቋን በኖራና በዘይት ሲደፍን፣ ከጎኗ ውስጥ "ሆልድ ኦን፣ ፕሊዝ" የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። ሠራተኞቹ መጀመሪያ ግራ ተጋቡ፤ ኋላ ግን 'እባክህ አንዴ ጠብቀኝ' ማለት እንደሆነ ሲነገራቸው ሚስማር ሲጠየቁ እርስ በርሳቸው ይባባሉት ጀመር።

በዚያው ሳምንት ስልኩ ጮኸ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሱዬ ቢሮዋ ናት፤ አጂንም ገበያ ወጥታለች። ቤይ እንደ ልማዱ እግሩ ወደ በሩ ዞረ። መጋዝ የያዙት ሠራተኞች ቀና ብለው አዩት። ቆመ፤ እጁን በሱሪው ጠረገና ስልኩ ወዳለበት ክፍል ገባ፤ በሩን ግን አልዘጋውም።

እጀታውን አነሣ። 'ዌይ' የሚለው ጩኸት ጉሮሮው ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠው። "ዲስ ኢዝ ቤይ ስፒኪንግ" አለ። "ሁ ኢዝ ኮሊንግ፣ ፕሊዝ?"

ከወዲያ በኩል ንግግሩ እንደ ጎርፍ ወረደ። ቤይ ከዚያ ሁሉ ውስጥ የያዘው ቫን ዴልደን የሚለውን ስምና ቶንግ የሚለውን ብቻ ነው። እጀታውን ጥሎ መሮጥ አሰኘው። ነገር ግን ሱዬ እንዳለችው ቃሉን ማንኳኳት ጀመረ። "ስሎውሊ፣ ፕሊዝ" አለ፣ ቀስ እንዲልለት።

ጎርፉ ቆመ። ሰውየው ይቅርታ ጠየቀ፤ ከዚያ አንድ አንድ ቃል እያሳረፈ፣ ሚስተር ቶንግ አሉ ወይ ብሎ ጠየቀ።

"ኖ ቶንግ" አለ ቤይ። "አይ ቢልድ ዘ ሺፕ። ቤይ። አይ ቢልድ።"

መርከቧን የምሠራት እኔ ነኝ ማለቱ ነው። በመሥሪያው ውስጥ መጋዝ የሚስብ ሰው አልነበረም። ከዚያ ሆላንዳዊው "ሚስተር ቤይ" አለ፤ ስሙን ለመልመድ እንደሚፈልግ ሰው ደግሞ "ሚስተር ቤይ" አለው። ሽማግሌው ምሽቱን መልሶ እንዲደውል ሱዬ ያስጠናችውን አነጋገር ሳያሳስት ነገረው፤ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አስደገመው፤ ስለ ደወለለት አመስግኖ ዘጋ። ወጥቶ ሠራተኞቹን "ምን ትጠብቃላችሁ፤ ሥራ የለም?" አላቸው፤ ድምፁ ግን የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም።

በምሽቱ ደወል ቤይ ራሱ አንሥቶ፣ ራሱ ሰላምታ ሰጥቶ፣ "ሆልድ ኦን፣ ፕሊዝ" ብሎ እጀታውን ለሱዬ ሰጣት። ቀጥሎ ያለው በእሷ አንደበት ነው የተላለፈው፤ ቃሉ ግን የቤይ ነበር።

"ክብ ጌጥ አይደለም፣ ዓይን ነው በይው። ግንባር ላይ ሆኖ ወደ ታች፣ ዓሣው ወዳለበት የሚያይ የዓሣ አጥማጅ ዓይን አለ፤ ቀጥ ብሎ አድማሱን የሚያይ የመንገደኛ ዓይን አለ። የእነሱ መርከብ ልጆች ነው የምትጭነው፤ ስለዚህ አድማሱን የሚያይ ነው የምመታላት። ያለ ዓይን ከፈለጋት ሌላ ሠሪ ይፈልግ፤ የተቀበልኩትን እመልሳለሁ። እኔ ዕውር ወደ ባሕር አልሰድም።"

ሱዬ ተረጎመችለት። መልሱን ስታዳምጥ ቆየችና ወደ ሽማግሌው ዞረች።

"አጎቴ፣ ዓይን መሆናቸውን ማንም አልነገረኝም ነበር ይላል። ጌጥ ናቸው ስለተባለ እሺ አለ እንጂ፣ ይህን ቢያውቅ አንድ ወር ቢዘገይም ይጠብቅ ነበር። ልጆቹ መርከቧን ማን እንደ ሠራት ሲጠይቁት በስሕተት የሌላ ሰው ስም ስለ ነገራቸው አፍሯል። ስምዎ እንዴት እንደሚጻፍ ይጠይቃል፤ ከመርከቧ ኋላ በእንጨት ላይ እንዲቀረጽ ይፈልጋል።"

ቤይ እጁን ዘረጋ። "ስጪኝ፤ ይሄንን እኔ ነኝ የምነግረው" አለ፤ የስሙን ፊደላት በእንግሊዝኛ አንድ በአንድ፣ አንዱን ከሌላው እየለየ ነገረው። አጂን ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች።

በማግስቱ ቤይ ለቶንግ ደወለለት። ደላላው "እርስዎ ስልክ ስለማያነሡ ነው፤ ሰውየው መልስ ሲፈልግ ምን ላድርግ?" አለው። ሊሰድበው ተዘጋጅቶ የነበረው ቤይም ነገሩ ግማሽ እውነት መሆኑን ተቀበለ። "የጉምሩኩን ጉዳይ እንደ ቀድሞው ጨርስ፤ በእሱ ጎበዝ ነህ" አለው። "ስለ መርከቧ ግን ከእንግዲህ የምናገረው እኔ ነኝ።"

መርከቧ በጸደይ ውሃ ነካች። ቀዩ ጨርቅ ሲገለጥ ሁለቱ ዓይኖች አድማሱን አዩ፤ ርችት ተተኮሰ፤ ሆላንዳዊው ከልጆቹ ጋር ከባሕር ዳር ቆሞ ኮፍያውን አወለቀ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ሁዋ የሚባል የጥንት መርከበኛ፣ ቤይን በክንዱ ጎሸም አደረገው።

"እውነት ነው የሚሉት? አንተም በዚህ ዕድሜህ የፈረንጅ አፍ ጀመርክ?"

"ጀመርኩ።"

"ምን ልትሆን? ስድሳ ዓመት ያለ እሱ ኖረሃል።"

"ስማኝ ሁዋ" አለ ቤይ። "እኔም እንዳንተ ነበር የምለው። የሰው ቋንቋ መናገር የራስን ማዋረድ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳየው፣ የተዋረድኩት ዝም ባልኩ ጊዜ ነው፤ ዝም ስል ሌላው በስሜ ተናገረ፣ መርከቤንም ሊያሳውራት ነበር። ጥቂት አነጋገር ተማርኩ፤ ከራሴ ቋንቋ አንድ ቃል አልጎደለብኝም። ደንበኛዬ ምን እንደሚፈልግ ከራሱ አፍ እሰማለሁ፤ ያልገባኝን አስደግመዋለሁ፤ የማልፈልገውን በትሕትና እምቢ እለዋለሁ። ከዚህች መርከብ ሌላ ሁለት ትእዛዝ መጥቶልኛል፤ ወንዶች ልጆቻቸውን ወደ ፋብሪካ ልከው የነበሩ አናጢዎች ደግሞ ልጆቻቸውን መልሰው እየሰጡኝ ነው። አንተም የልጅ ልጅህ ያገባችው አውስትራሊያ አይደለም? ባልዋ ስልክ ሲያነሣ ትዘጋበት የለም?"

ሁዋ ወደ መሬት አየ። "የሚለውን ስለማላውቅ ነው" አለ።

"ሱዬ ማታ ማታ እኔ ቤት ታስተምራለች። ወንበርህን ይዘህ ና።"

ሁዋም መጣ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ነገሩን ለሚያስተውል ሰው ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ቋንቋ የሚያዋርደው ሳያውቁት አወቅሁ ሲሉና ፈርተውት ሲሸሹት ነው እንጂ፣ ለፍተው ሲማሩትስ ለስማቸው ጠበቃ ይሆናቸዋል።

ቤይ በዚያው ሰሞን ሠራተኛ አስጠርቶ ስልኩን ከውስጠኛው ክፍል አስወጣው፤ ገመዱን አስረዝሞ በመሥሪያው መሀል፣ ከምሰሶው ላይ አሰቀለው። አሁን ሲጮኽ መጋዙም መዶሻውም ይቆማል። ዝም በሉ ብሎ ያዘዛቸው የለም። ሽማግሌው ሰጋቱራውን ከእጁ አራግፎ እስኪያነሣው ድረስ ሁሉም ቀና ብለው ይጠብቃሉ፤ ጌታቸው ለሩቅ አገር ሰው ስሙን ሲናገር መስማት ይፈልጋሉ።